በመጸው ወራት ሐይቅ ዳር ወፍ ማየት፦ ደረጃ በደረጃ

«ሐይቁን ስዞር ውዬ ከቁራና ከዳክዬ በቀር ምንም አላየሁም፤ ያ ሁሉ ወፍ የት ነው ያለው?» መስከረም በጠባ ቁጥር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ አለ፦ «ስዞር ውዬ»። ሐይቅ ዳር ወፍ የሚታየው ተቀምጦ ነው፤ እግር የሚያስፈልገው ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ለመድረስ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ጊዜው መጸው የሆነበት ምክንያት አለ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባሉት ወራት ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ስምጥ ሸለቆን ተከትለው ይገባሉ፤ በክረምቱ ዝናብ የሞሉት ሐይቆችም ቀስ በቀስ መሸሽ ይጀምራሉ። ውሃው የተወው ጭቃ በትልና በነፍሳት እጭ የተሞላ ነው፤ ረጅም መንገድ በርሮ የደረሰ ወፍ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ውብ ዳርቻ ሳይሆን ጭቃማ ዳርቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባይኖኩላር። 8 በ42 የሚል የተጻፈበት ለጀማሪ ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ 10 እጥፍ ያጎላዋል፤ የሚያሳየውም ስፋት ይጠብባል። ከውጭ አገር የምታስመጡ ከሆነ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ።
- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ብዕር ጤዛ በነካው ወረቀት ላይ ይጨማለቃል።
- የምሥራቅ አፍሪካን ወይም የኢትዮጵያን ወፎች የያዘ መለያ መጽሐፍ፤ ወይም መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ። መተግበሪያውን ከነወፎቹ ዝርዝር ከቤት ሳትወጡ አውርዱት፤ ሐይቅ ዳር ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።
- የሚነጠፍ ላስቲክ ወይም የሚታጠፍ በርጩማ። ልብሱ የረጠበ ሰው አምስት ደቂቃ አይቀመጥም።
- የተዘጋ ጫማ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውሃ።

ልብሱ የሣር ወይም የአፈር ቀለም ያለው ይሁን። የጠዋት ብርድ ጋቢ ያስመኛል፤ አውቃለሁ። ነጭ ጋቢ ለብሶ ቄጠማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ከሐይቁ ማዶ ሳይቀር ይታያል።

ደረጃ 1፦ ዳርቻውን በፀሐይ አቅጣጫ ምረጡ

ፀሐይ ከጀርባችሁ መሆን አለባት። ከፊታችሁ ከሆነች ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆንባችኋል፤ ቀለሙም የእግሩ መልክም አይለይም። ሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ከከተማው በኩል ቆሞ ወደ ውሃው ማየት የተመቸ ነው። ባቱ ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ናት፤ እዚያ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጋችኋለች፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ውጡ። ባሕር ዳር ከጣና በስተደቡብ ናት፤ በመጸው ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ ከጀርባ ወይም ከጎን ትሆንላችኋለች።

አቢጃታና ሻላ ከሄዳችሁ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በመግቢያው በር አልፋችሁ፣ ከጠባቂ ጋር ግቡ።

ደረጃ 2፦ ባይኖኩላሩን ቤት ሆናችሁ አስተካክሉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከዘለሉት አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያው ባይኖኩላሬ ከሌላ ሰው የገዛሁት ነበር፤ ለሦስት ወር ያህል ባየሁበት ቁጥር ግንባሬን ያመኝ ነበር። ቀለበቱ በቀድሞው ባለቤት ዓይን ልክ እንደተስተካከለ መቅረቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ሁለቱን በርሜሎች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያጠፋችሁ ከዓይኖቻችሁ ርቀት ጋር አስማሙ። ስታዩበት አንድ ክብ ብቻ መታየት አለበት።

ለ. መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በዓይን በኩል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች አስገቡ ወይም እጠፉ፤ የማታደርጉ ከሆነ አውጡ። ይህ ካልተደረገ ዳር ዳሩ ይጨልማል።

ሐ. ሃያ ሜትር ያህል የራቀ ጽሑፍ ፈልጉ፤ የቆመ መኪና ታርጋ ጥሩ ነው። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ሸፍኑና መሃል ያለውን መንኮራኩር እያዞራችሁ ጽሑፉ በግራ ዓይናችሁ እስኪጠራ ድረስ አስተካክሉ።

መ. አሁን የግራውን ሸፍኑ። የመሃሉን መንኮራኩር ሳትነኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ትንሽ ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ጽሑፉን አጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ። ከዚህ በኋላ የምታዞሩት የመሃሉን ብቻ ነው።

ሁለቱ ዓይኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህ ማስተካከያ ያንን ልዩነት ያካክሳል። አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ጫን ብሎ የሚነካው እስኪመጣ ድረስ ይቆያል።

ደረጃ 3፦ ማልዳችሁ ውጡ፣ ነገር ግን በጨለማ አይደለም

ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ወፎቹ ሌሊቱን ሳይበሉ ስላደሩ ይሻማሉ፤ ውሃው አልተናወጠም፤ ሙቀቱ አየሩን አላንቀጠቀጠውም። ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ የዳርቻውን ወፍ ያባርረዋል፤ በማዕበሉ መካከል የሚዋኝም ብቅ ጥልቅ እያለ ለዓይን ያስቸግራል።

ጎህ ሲቀድ መድረስ ለምን እንደማልመክር ግን አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፦ ጉማሬ። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ወደ ውሃ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። ወፍ ማየት የሚጀመረው የአምስት ሜትር ነገር ሳይሆን የመቶ ሜትር ነገር ጥርት ብሎ ሲታይ ነው።

ደረጃ 4፦ ዓሣ አጥማጁን ጠይቁ

ባይኖኩላር ከማውጣታችሁ በፊት ሰላምታ ይቅደም። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ጉማሬው ዛሬ በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከማንኛውም መጽሐፍ የማታገኙትን መልስ ታገኛላችሁ። ጭቃው የት እንደሚያሰምጥ፣ የትኛው መንገድ ጀልባ እንደሚወጣበትና እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ሰው ፎቶግራፍ የምታነሡ ከሆነም የምታስፈቅዱት አሁን ነው።

ልጆች ይከተሏችኋል። በማባረር አትድከሙ፤ ባይኖኩላሩን ለእያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ አሳዩና ዝም ብለው እንዲቀመጡ ለምኗቸው። የወፍ ጎጆ ያለበትን ዛፍ ጠቁሞ ያሳየኝ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ጎጆውን ግን ከሩቅ ብቻ እዩ።

ደረጃ 5፦ ተቀመጡ፤ ሃያ ደቂቃ

የሁሉም ቁልፍ ይህ ነው። ጭቃ፣ ቄጠማና ክፍት ውሃ ሦስቱም የሚገናኙበት ቦታ ፈልጉ፤ ትንሽ ወንዝ ወይም ቦይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ከሆነ የተሻለ ነው። ጀርባችሁን ለቁጥቋጦ ሰጥታችሁ ተቀመጡ፤ ከሰማዩ ጋር ተነጻጽሮ የሚታይ ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ወፍን ያስደነግጣል። ስልካችሁን ድምፁን አጥፉና ሰዓት ያዙ።

አንድ ጠዋት ሐዋሳ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባዶ ጭቃ ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ ግራጫ ድንጋይ ያልኩት ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጭራውን ወደ ላይ ወደ ታች እያወዛወዘ የሚሄድ ትንሽ ወፍ ነበር። በአሥረኛው፣ በቄጠማው ቅጠል ላይ ረጃጅም ጣቶቹን ዘርግቶ ጃካና የተባለው ወፍ ብቅ አለ። በአሥራ አምስተኛው፣ ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፉን እያርገበገበ የቆመ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ ቁልቁል ተወርውሮ ገባና ምንቃሩ ላይ የምታበራ ትንሽ ዓሣ ይዞ ወጣ። ወፎቹ የመጡት ከሌላ ቦታ አልነበረም፤ ስደርስ ሸሽተው ወይም ደርቀው ቆመው የነበሩ ናቸው።

ወደ ሌላ መቀመጫ ስትሄዱ በቀጥታ ወደ ወፎቹ አትራመዱ፤ አግድም አግድም እየሄዳችሁ ቅረቡ። መብላታቸውን አቁመው ራሳቸውን ቀና ካደረጉ እዚያው ቁሙ። ቀጣዩ እርምጃ ያስነሣቸዋል፤ በመጸው የደረሰ እንግዳ ወፍ ደግሞ በመንገድ የጨረሰውን ስብ እየተካ ስለሆነ በከንቱ የሚያባክነው ጉልበት የለውም።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በባይኖኩላር

ወፉን በባዶ ዓይን አግኙት። ዓይናችሁን ከእርሱ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት እንጂ ጎንበስ ብላችሁ ባይኖኩላሩን አትፈልጉ። ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ሲል የሚያገኘው ሰማይና ቄጠማ ብቻ ነው። ከቤት ሳትወጡ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሥር ጊዜ ተለማመዱ፤ እጃችሁ ይለምደዋል።

ለጓደኛችሁ ስታሳዩ «እዚያ ጋ» አትበሉ። ከጀልባው ወይም ከግንዱ ጀምሩ፦ «ከጀልባዋ በስተግራ፣ ሁለት ጀልባ በሚያክል ርቀት፣ ከቄጠማው ጫፍ በታች»።

ድንገት ሁሉም ወፍ በአንድ ጊዜ ከተነሣ ወደ ላይ እዩ። ጭልፊት ወይም ንስር አለ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ በቀለም ሳይሆን በቅርጽና በሥራ ለዩ

ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል፤ እንግዶቹ ወፎችም መጸው ላይ የሠርግ ልብሳቸውን አውልቀው ግራጫና ቡናማ ሆነው ነው የሚገቡት። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዲህ ጠይቁ፦ ከእርግብ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ምንቃሩ ከራሱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? እግሩስ? ምን እየሠራ ነው? ሲነሣ ከጀርባው ወይም ከክንፉ ላይ ነጭ ይታያል? ለብዙዎቹ የአማርኛ ስም ስላልተለመደ መጽሐፎቹ የሚጠሯቸውን ስም ነው የምጠቀመው።

በጭቃው ላይ ከሚሮጡት ትንሹ ስቲንት ነው፤ 25 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የተፈለፈለውም በአርክቲክ አካባቢ ነው። ምስር እንደሚለቅም ሰው ቶሎ ቶሎ ይለቅማል። ጭራውን ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝ፣ ከደረቱ ነጭ ወደ ትከሻው የሚወጣ ሽብልቅ ያለው ተራው ሳንድፓይፐር ነው። ጀማሪን የሚያደክሙት ሁለቱ ዘመዶቹ ናቸው። የደን ሳንድፓይፐር ከዓይኑ በላይ ግልጽ ነጣ ያለ መስመር፣ ቢጫ የሚቀርብ እግር፣ ሲበር ደግሞ ነጣ ያለ የክንፍ ሥር አለው። አረንጓዴው ሳንድፓይፐር የክንፉ ሥር ጥቁር ነው፤ ሲነሣ ከጥቁሩ መካከል ነጩ ወገቡ ብልጭ ይላል። ቆመው ካልለያችኋቸው እስኪበሩ ጠብቁ።

ራፍ የተባለው ወፍ ሁለት ዓመት ሙሉ አታልሎኛል። ወንዱ ከሴቷ እጅግ ስለሚበልጥ ደብተሬ ላይ እንደ ሁለት ዓይነት ወፍ ስመዘግባቸው ኖሬያለሁ። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው፣ ራሳቸው ትንሽ፣ ሆዳቸው ጎላ ያለ ትልቅና ትንሽ ወፎች አብረው ሲበሉ ካያችሁ ራፍ ናቸው።

ከውሃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ የሚቆመው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ (ኪንግፊሸር) ደስ የሚል ምልክት አለው፦ ደረቱን ተመልከቱ። ሁለት ጥቁር መቀነት ከታጠቀ ወንድ ነው፤ አንድ ብቻ፣ ያውም መሃሉ የተቆረጠ ከሆነ ሴት ናት።

ፍላሚንጎ ለማየት ጨዋማዎቹን ሐይቆች፣ አቢጃታንና ጭቱን፣ ሞክሩ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የምትለዩዋቸው በምንቃር ነው። የትልቁ ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው፤ የትንሹ ሙሉ በሙሉ ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

ሌሎቹ ይቀላሉ። ክንፉን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ የሚያደርቅ ጥቁር ወፍ ኮርሞራንት ነው። ራሱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ፣ ሲጮህ ራሱን ወደ ኋላ የሚጥል ዓሣ በል ንስር ነው። ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ራሰ በራ ግዙፍ ሽመላ ማራቡ ነው፤ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ በሰው መካከል ይዘዋወራል። በከብቶች እግር ሥር የሚሮጡትን ቢጫ ትንንሾች ንቃችሁ አትለፉ፤ ዋግቴይል ይባላሉ፤ እነርሱም እንግዳ ናቸው። ጣና ዳር ኅዳር ከገባ በኋላ እህል በተነሣበት ማሳ ላይ ክሬን የተባሉትን ቁመታም ግራጫ ወፎች በመንጋ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

ደረጃ 8፦ እዚያው ጻፉ

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ወፍ፣ ብዛት፣ ሲሠራ የነበረው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ መጽሐፎቹና መተግበሪያዎቹ በአውሮፓውያን ስለሚቆጥሩ በኋላ መገልበጡ ስህተት ያመጣል። ያልለያችሁትን ወፍ በጥቂት መስመር ሣሉት፤ ሥዕሉ ቢያስቅም ምንቃሩና እግሩ ልክ ከሆነ ይበቃል።

መንጋ ስትቆጥሩ አሥሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙና ያንን ስፋት በመንጋው ላይ እየደረባችሁ ሂዱ። እግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ የትኛው እግር እንደሆነ፣ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች፣ ፊደል ካለም ፊደሉን መዝግቡ። ቀለበቱ ለወፉ የት እንደታሰረለት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ መሬቱንም አንብቡ

ጉማሬ ያለፈበት መንገድ ሁለት ጎን ለጎን የተረገጡ ቦዮችና በመካከላቸው ከፍ ያለ ሣር አለው፤ ፋንድያውም በቁጥቋጦ ላይ ተበትኖ ይታያል። ዳርቻው ላይ የሚጎተት ጭራ መስመርና በሁለቱም ጎኑ የጥፍር ዱካ ካያችሁ አርጃኖ ሊሆን ይችላል። ሐዋሳ ላይ ዛፎቹንም ቀና ብላችሁ እዩ፤ ጉሬዛና ጦጣ አሉ።

ማስጠንቀቂያ

- በጉማሬና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሙ። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው መመለሻው ሲዘጋበት ነው። የተረገጠ የቄጠማ መንገድ ላይ አትቀመጡ፤ ካያችሁት ወደ ጎን ራቁ፤ በውሃ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ቢያንስ ከመቶ ሜትር ላይ እዩት።
- ውሃው ውስጥ አትግቡ፤ እግርም አትታጠቡ። ቢልሃርዚያ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና አለ፤ ተሕዋሲው በቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል።
- እነዚህ ሐይቆች ሁሉ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ናቸው፤ መጸው ደግሞ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሲመሽ እጅና እግራችሁን ሸፍኑ፤ አጎበር ያለበት ቦታ እደሩ።
- በአቢጃታ ዳርቻ የደረቀ የሚመስለው ነጭ ቅርፊት ከሥሩ ጭቃ ነው። ፍላሚንጎ ለመቅረብ ብሎ የገባ ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ መኪናማ አይወጣም።
- ባይኖኩላሩን ወደ ፀሐይ አታዙሩ። ዓይን ያጠፋል።

የተለመዱ ስህተቶች

*ምንም ወፍ የለም ብሎ በአምስት ደቂቃ መነሣት።* ወፎቹ የሚመለሱት ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

*ከወፉ ይልቅ መጽሐፉን ማየት።* መጽሐፉ ይጠብቃችኋል፤ ወፉ አይጠብቅም። ወፉ እስኪሄድ አይታችሁ፣ የምታስታውሱትን ጽፋችሁ፣ ከዚያ ግለጡ።

*ብርቅ ወፍ አየሁ ብሎ መቸኮል።* መጽሐፉ ውስጥ የተመሳሰለላችሁ ወፍ በኢትዮጵያ የማይታወቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያ ወጣት ወይም ሴት የሆነ የተለመደ ወፍ መሆኑን አጣሩ።

*ወፍ እንዲበር ብሎ ድንጋይ መወርወር ወይም ማጨብጨብ።* ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚደረግ ነው። የተነሣው መንጋ ሐይቁን ተሻግሮ ያርፋል፤ እናንተም ከኋላችሁ የመጣውም ሰው ለዚያ ጠዋት ባዶ ጭቃ ታያላችሁ።

*ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ።* የሐይቅ ዳር አሸዋ ሌንሱን ይጭረዋል። በመጀመሪያ አሸዋውን በትንፋሽ እፍ በሉት ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉት።